ፔዳሉን ማን ይረግጠዋል

ሰፈሩ ሐኪሙን የሚጠራው «እንሂድ» እያለ ነው። ስም አጥተውለት አይደለም። ሰውዬው ሥራ ላይ ሆኖ ከዚያ ሌላ ቃል ሲናገር የሰማው ሰው ስለሌለ ነው። አፍህን ያስከፍትሃል፣ ድድህን ያደነዝዛል፣ መሰርሰሪያውን ያነሣና «እንሂድ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ብታለቅስም ብትለምነውም ቃል አይጨምርልህም። እኔ ዝም የሚል ሰው አልወድም። ምን እያሰበ ይሆን ስል የራሴን ሐሳብ ያስረሳኛል። ግን ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ኮሪደር ተጋርተን ነው ያረጀነው፤ በቀኝ የሱ የጥርስ ክሊኒክ፣ በግራ የኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥሪያ። እሱ ይነቅላል፣ እኔ እሠራለሁ፤ በመካከላችን ያለው ሦስት ክንድ የማይሞላ ወለል ነው።

የሱን ዝምታ የምትሞላው ባለቤቱ ነበረች። ነርስ ነች፣ ተጋብተው ነው ክሊኒኩን የከፈቱት፤ ልጅ አልወለዱም። በሽተኛው ገና በሩን ሳይገፋ ወሬ ትጀምርለታለች፤ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፣ የጫማውን ቀለም ታደንቅለታለች፣ እሱ ሲመልስላት መርፌው ገብቶ ወጥቷል። እኔን «ወንድምዬ» ነበር የምትለኝ። የሠራሁትን ጥርስ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ታይና «ወንድምዬ፣ ይሄ ለሰው ነው ለፈረስ?» ትለኛለች። እኔም እናደዳለሁ፤ ተናድጄ ወስጄ አሳንሰዋለሁ፤ ደግሞም ልክ ነበረች።

አሁን የምነግራችሁ ነገር እንዲገባችሁ ስለ አንድ ዕቃ ማወቅ አለባችሁ። ኢምፕላንት የሚባለው በጠፋው ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የምትገባ ትንሽ ብሎን ናት፤ እኔ የምሠራው ጥርስ በላይዋ ይቀመጣል። ብሎኗ እንድትገባ አጥንቱ በልክ መበሳት አለበት፤ ለዚህም የራሱ ሞተር አለው። ቀስ ብሎ፣ በጉልበት ይዞራል፤ አጥንቱ እንዳይቃጠል የጨው ውሃ ይረጫል፤ ብሎኗ ልኳ ድረስ ስትጠብቅ ራሱ ይቆማል። ይህን ሁሉ የሚያዘው በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው። በየትኛውም አገር ያለ ሐኪም ፔዳሉን የሚረግጠው በራሱ እግር ነው። በዚህ ክሊኒክ ግን የምትረግጠው እሷ ነበረች።

ነገሩ የመጣው በጉልበቱ ነው። በወጣትነቱ የቴሌቪዥን አንቴና ሊያስተካክል ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር፤ የወረደው ግን በመሰላሉ አልነበረም። ቀኝ ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ እንደ ልቡ አይታዘዘውም። የመጀመሪያውን ሞተር ሲገዙ ደግሞ ፔዳሉ እንደ ጭነት መኪና ፍሬን የከበደ ሆነ። እሱ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ በግራው ቆሞ በቀኙ ሲረግጥ ጉልበቱ ይክደዋል፣ ሞተሩም መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ይኼኔ ነው እሷ ፔዳሉን በእግሯ ጎትታ ወደ ራሷ ወገን፣ ወደ ወንበሩ ግራ የወሰደችው።

«አንተ እጅህን ጠብቅ» አለችው። «እግሩን ለእኔ ተወው።»

እንግዲህ እንዲያ ቀረ። እሱ መሰርሰሪያውን አጥንቱ ላይ ያሳርፍና ለእያንዳንዱ ብሎን አንድ ጊዜ «እንሂድ» ይላል፤ እሷ «ሄድን» ትልና ትረግጣለች። በጫማ ስረግጠው አይሰማኝም እያለች ቀኝ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ነበር የምትሠራው። የጥርስ ቅርጽ ይዤ በገባሁ ቁጥር የሚያደናቅፈኝ ያ ወለሉ ላይ የተጣለ አንድ እግር ጫማ ነበር። በኋላ ሁለቱን ሳያቸው ማን እንደሚሠራ ግራ ይገባኝ ጀመር። እሱ እጁን ትንሽ ሲያዘገይ እሷ እግሯን ታላላለች፤ አይተያዩም። የማውቃቸው ባልና ሚስት ሁሉ የሚጨቃጨቁበትን ያህል እነዚህ ሁለቱ በአንዲት ፔዳል ተስማምተው ኖሩ።

ከዚያ ታመመች። ብዙም አልቆየችም።

ከቀብሩ በኋላ ክሊኒኩን ከፈተ፤ ጥርስ ነቀለ፣ ሞላ፣ አጠበ። ኢምፕላንት ግን አልሠራም። ሞተሩን ነጭ ጨርቅ አልብሶ ጥግ አስቀመጠው። ለኢምፕላንት የሚመጣውን ሰው ሌላ ቦታ ይልካል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ሲቀንስ እያየሁ ምን እላለሁ? አዲስ የቀጠራት ረዳቱ ጨዋ ልጅ ናት፤ ግን እሷም እንደሱ ዝምተኛ ሆና ተገኘች። ጠዋት ቀድሜ ስገባ ከተቆለፈው ክሊኒክ ውስጥ ሬዲዮ ሲያወራ እሰማለሁ። መጀመሪያ ረስቶት መስሎኝ «ትናንት ሬዲዮህን ሳታጠፋ ሄድክ» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። ጠዋት በሩን ሲከፍት የሰው ድምፅ እንዲቀበለው ነው ማታ ሳያጠፋው የሚሄደው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሬዲዮው አንስቼበት አላውቅም።

የእኔ ቤት ጫጫታ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ እንዳልገባ ብዬ ደረጃው ላይ እዘገያለሁ። እሱ ግን ሥራ ስንጨርስ ቁልፉን ይዞ ደረጃው አናት ላይ ይቆማል፤ እስክዘጋ እየጠበቀኝ ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ጠበቅሁህ አይለኝም። አብረን ወርደን መንገዱ ላይ እንለያያለን፤ እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደና አንድ ቀን ሞተሩን ገልጦ አየሁት። ሊያስነሣው ሞክሮ ነበር። የውሃው ቱቦ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ማብሪያውን ሲጫነው መብራት ብቻ ብልጭ ይልና ይጠፋል። «ሞተ» አለኝ። ከዚያም ፊቱን ሳያዞር «ሌላ መምረጥ አለብኝ» አለ። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሰውዬው ሊሠራ ነው አልኩ።

ሊሠራ ያሰበው ለመምህሯ ነበር። መምህሯ የሰፈሩን ግማሽ ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የላይኛው መንጋጋቸው ኢምፕላንቶች ባልና ሚስቱ አብረው ከሠሯቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው። ለታችኛው ግን ስኳራቸው ከፍ ብሎ ስለነበር ባለቤቱ «ስኳርዎ ይውረድ እንጂ የታችኛውን እኛው እንሠራልዎታለን» ብላቸው ነበር። ስኳሩ ወረደ፤ እሷ ሞተች። መምህሯ እስካሁን የሚለብሱት እኔ የሠራሁትን ተነቃይ ጥርስ ነው። የታች ተነቃይ ጥርስ ደግሞ መያዣ ካልተደረገለት ሲያወሩ ይነሣል፣ ሲያኝኩ ይሸሻል። ጥርስ የሌለው መንጋጋም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከዓመት ዓመት ይሳሳል። ብዙ ከሳሳ ብሎን የሚይዝ አጥንት አይገኝም።

ሻጩ ሦስት ሞተር ይዞ መጣ፤ ወጣት ነው፣ አፉ አይከደንም። እኔ ከሉካንዳ ቤት የበሬ ጎድን አመጣሁ፤ ሐኪሙ ጎድኑን ጠረጴዛ ላይ አስሮ እየበሳ እንዲሞክራቸው ነው። ትንሿን ሞተር ጠንካራው አጥንት ላይ ሲያሳርፋት አቃሰተችና ቆመች፤ እጀታዋም ሞቀ። ወደ ጎን አደረጋት።

«ይሄኛውን ይዩልኝ ዶክተር» አለ ሻጩ ትልቁን እያሻሸ። «እስከ ሰማንያ ድረስ ያጠብቃል!»

«ሰማንያ ምን ያደርግልናል?» አልኩት። «የምናጠብቀው የሰው ጥርስ ነው ወይስ የአውቶቡስ ጎማ?»

ሦስተኛው ገመድ አልባው ነው። ፔዳሉ ከሞተሩ ጋር በምንም አይያያዝም፤ ወለሉ ላይ በፈለጉበት ይቀመጣል። ውሃውን መክፈት፣ ፍጥነቱን መቀየር፣ ወደ ኋላ ማዞር፣ ሁሉም እዚያው እግር ሥር ነው። ደግሞ ቀላል ነው፤ እኔ ራሴ በአውራ ጣቴ ነክቼው ተነሣ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ፣ ጉልበቱ ለታመመ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ሐኪሙ በሳበት፤ ቀዳዳው ጥርት ያለ ሆነ። ሻጩ ፈገግ አለ፣ እኔም ፈገግ አልኩ።

ሐኪሙ ግን ወደ ትልቁ ተመለሰ። «የዚህ የፔዳሉ ገመድ ምን ያህል ይረዝማል?» አለ።

ሻጩ ግራ ገባው። «ዶክተር፣ አሁን እኮ ሰው ገመድ እያስቀረ ነው...»

«ይረዝማል?»

«አዎ፣ ረጅም ነው። ፔዳሉ ግን ትንሽ ይከብዳል።»

«ይክበድ» አለ ሐኪሙ። ገመዱን ፈታው፣ በወንበሩ ራስጌ አዞረው፣ ወደ ግራ ወሰደው። ፔዳሉን የድሮው ፔዳል በነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠ። የወለሉ ሴራሚክ እዚያ ጋ ከዓመታት መፋተግ የተነሣ ፈዟል፤ ልክ በዚያች ላይ። ከዚያ ተመልሶ በቀኙ ቆመና ፔዳሉን አየው። ሻጩን «እነግርሃለሁ» ብሎ ሸኘው።

በሩ እንደተዘጋ አላስቻለኝም። «ገመዱ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ወደዚያ በኩል መድረስ አለበት።»

«ደረሰ እንበል። ማን ሊረግጠው ነው?»

ከጎድኑ ላይ የአጥንቱን ዱቄት ይጠርግ ጀመር።

«ንገረኛ፣ ማን ሊረግጠው ነው? ረዳትህ እኔ እረግጣለሁ ስትልህ እምቢ አላልካትም?»

«እሷ ሳክሽን፣ የምራቅ መምጠጫውን፣ ትይዛለች።»

«ታዲያ ማን? እኔ ልርገጠው?»

«አንተም አትረግጠውም።» ድምፁ ከፍ አለ። «ማንም አይረግጠውም።»

«ማንም የማይረግጠውን ማሽን ነዋ የምትገዛው! ዶክተር፣ አንተ እኮ ሞተር አይደለም እየመረጥክ ያለኸው፤ እሷን ነው የምትጠብቀው። አትመጣም!»

ፊቱ ተለወጠ። «ውጣልኝ» አለ።

ወጣሁ። ተናድጄ ነበር፤ ያልኩት እውነት ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። ጄሶ ለማቡካት ውሃ ስጨምር አብዝቼው አበላሸሁት። ሥራ ስንጨርስ ደረጃው አናት ላይ ማንም አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም። ያን ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ወረድኩ፤ ያኔ ነው ከዚያ ደረጃ ላይ ሰው ብቻውን መውረድ እንዴት እንደሚከብድ ያወቅሁት። እሱ እኮ ከመንገዱ ማዶ እስከ ቤቱ፣ ከቤቱም ደጃፍ እስከ ማግስቱ እንዲያ ነው።

መምህሯ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው፤ ወደ እኔ። የታች ጥርሳቸው ለሁለት ተሰብሮ በመሀረብ ጠቅልለው ይዘውታል።

«ሳጥበው ከእጄ አመለጠ» አሉኝ። ያለ ታች ጥርሳቸው ስለሚናገሩ አፋቸውን በእጃቸው ጋርደዋል፤ ያን ሁሉ ልጅ ፊት ለፊት ቆመው ያስተማሩ ሴት። «ሐኪሙ ማሽኑን አመጣ?»

«ገና እየመረጠ ነው» አልኩ።

«ይሄን ያህል ምርጫ ምንድን ነው?» ብለው ጥርሱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ኮሪደሩን ተሻገሩ። በሩን አልዘጉትም። እኔም የእኔን አልዘጋሁም፤ ሰሚ ነኝ፣ አልክድም።

«ልጄ፣ ስኳሬ ከወረደ ቆይቷል» አሉት።

«ሌላ ክሊኒክ እጽፍልዎታለሁ። ጥሩ ሐኪም ነው።»

«ሌላ አልፈልግም። እዚህ ነው ቃል የተገባልኝ።»

ወረቀት ሲቀድ ሰማሁት።

«አጥንቱ አይጠብቅም ያልከኝ አንተ ነህ፤ በራጁ አሳይተኸኛል።»

«አዎ።»

«እሷ ብትኖር ምን ትልህ ነበር?»

«አንተ እጅህን ጠብቅ ትለኝ ነበር» አለ።

«እግሩንስ?»

ከዚህ በኋላ የሰማሁት ልቅሶ ነው። ሐኪሙ አለቀሰ፤ ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ እያየው ያላወጣውን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። መምህሯ አይዞህ አላሉትም። ሲወጡ ጥርሳቸውን የጠቀለሉበት መሀረብ እጃቸው ላይ አልነበረም፤ ለሱ ትተውለታል።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ሲያወራ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። «ገመድ አልባውን» አለ። «አዎ፣ ቀላሉን።»

ሞተሩ ሲመጣ ለብዙ ቀን ጎድን በጎድን ላይ ሲለማመድ ከረመ። በርጩማ ገዛ፣ ተቀምጦ መሥራት ለመደ። የሉካንዳ ቤቱ ሰውዬ «እናንተ ሰዎች ውሻ ነው ወይስ አንበሳ የምታረቡት?» አለኝ። ሐኪሙ ደረጃው አናት ላይ ተመልሶ መቆም ጀመረ። ስለተጣላንበት ነገር እሱም አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። አንድ ቀን ስንወርድ ግን «ማክሰኞ ጠዋት ና» አለኝ።

«መጥቼ ምን ላድርግ?»

«ምንም። በሩ ላይ ቁም።»

ማክሰኞ ሄድኩ። መምህሯ ወንበሩ ላይ ተጋድመዋል፤ ከንፈራቸው ደንዝዟል፣ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው። ረዳቷ በግራ በኩል፣ በዚያች በፈዘዘችው ሴራሚክ ላይ ቆማ ሳክሽኑን ይዛለች። ሐኪሙ በቀኝ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ወለሉን አየሁ፤ አንድ እግር ጫማ ተጥሏል። የሱ ነው። ፔዳሉ ላይ ያረፈው እግሩ በካልሲ ነበር።

ድዱን ከፈተ፣ ቀጭኗን መሰርሰሪያ አስገባ፣ አጥንቱ ላይ አሳረፈ።

«እንሂድ» አለ።

ሞተሩ አልተነሣም። እሱም አልተንቀሳቀሰም። እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው፣ መርገጥ የሱ ነው፤ ይህን አጥቶት አልነበረም፣ ያን ሁሉ ቀን ተለማምዶታል። ግን በጎድኑ ላይ ሲለማመድ «እንሂድ» ብሎ አያውቅም ነበር። አሁን ሰው አፍ ላይ ሲደርስ ቃሉ ከልማድ አመለጠው፤ ቃሉ ከወጣ ደግሞ መልሱ ሳይመጣ እግሩ እንዴት ይታዘዘው? ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር። ረዳቷ አየችኝ። ምን ላድርግ፣ እኔም አየኋት። እኔ ለፍላፊው፣ አንዲት ቃል ለመናገር አቃተኝ።

መምህሯ ግን የላይኛው ሲሠራላቸው እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። መልሱን ሰምተውታል። መንጋጋቸውን ሳያነቃንቁ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ፣ ከጉሮሯቸው ብቻ «ሄእን» አሉ።

ረገጠ። ሞተሩ ተነሣ፣ ውሃው ተረጨ። መሰርሰሪያውን በሌላ ቀየረ፣ ደግሞ ቀየረ፤ ብሎኗን አስገባ፣ ሞተሩም ልኳ ላይ ስትደርስ ራሱ ቆመ። ከመምህሯ ዓይን ጥግ እንባ ወደ ጆሯቸው ወረደ። ረዳቷ አሟቸው መስሏት እጃቸውን ያዘች።

የቀኙ ብሎን አለቀ። ሐኪሙ እጀታውን ጠረገና ወደ ግራው ዞረ። ቀጭኗን መሰርሰሪያ እንደገና አጥንቱ ላይ አሳረፈ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቃሉን ጠበቅሁ። መምህሯም ዓይናቸውን ገልጠው ሲጠብቁ አየኋቸው።

ሐኪሙ ምንም አላለም። በካልሲው ቀስ ብሎ ረገጠና ሞተሩ ተነሣ።